ጆሮው የት ይቀመጥ? የላፕቶፕ የውጭ ዋይፋይ አዳፕተር ታሪክ



የዛሬው ንግግሬ ርእስ ለታሪክ መድረክ ያነሰ መስሎ ሊታያችሁ ይችላል። በዚህ ጠረጴዛ ላይ የምታዩት፣ ርዝመቱ ከአውራ ጣት የማይበልጠው ዕቃ፣ ከላፕቶፕ ጎን ተሰክቶ የዋይፋይ ሞገድ የሚቀበልና የሚልክ አዳፕተር ነው። ከአጠገቡ የሦስት ሜትር የዩኤስቢ ማራዘሚያ ገመድና አንድ የብረት ማጥለያ ተቀምጠዋል። ማጥለያው ከቤቴ ማድ ቤት የመጣ ነው፤ ለምን እንዳመጣሁት ቆይቼ እነግራችኋለሁ። ስለ ነገሥታትና ስለ ጦርነት፣ ስለ ንግድ መስመርና ስለ መሬት ሥሪት ሲነገርበት በቆየ አዳራሽ ስለዚህ ዓይነት ዕቃ ለመናገር የደፈርሁት ያለ ምክንያት አይደለም።

ምክንያቱ የግል ዕዳ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት የመመረቂያ ዓመት ተማሪ ወደ ቢሮዬ መጣች። በምታድርበት ሕንፃ የዋይፋዩ ምልክት ከክፍሏ በደንብ እንደማይደርስ፣ ለውጭ አገር የትምህርት ዕድል የምታቀርበው ማመልከቻም ከነአባሪዎቹ በድረ ገጽ መጫን እንዳለበት ነገረችኝና የትኛውን አዳፕተር ብትገዛ እንደሚሻል ጠየቀችኝ። እኔ የቴክኖሎጂ ታሪክ አስተምራለሁ እንጂ መሐንዲስ አይደለሁም። ይሁን እንጂ «አላውቅም» ማለት ለመምህር ከባድ ነውና «ካርቶኑ ላይ ከፍተኛ ዋት የተጻፈበትን ግዢ» አልኋት። ወንድሟ በላከላት ገንዘብ ገዛች። አዳፕተሩ ሲሰካ በስክሪኑ ላይ ያሉት የምልክት መስመሮች ሞሉ፤ ደስ አላት። ፋይሉ መጫን ሲጀምር ግን ግንኙነቱ ይቋረጣል፤ አዳፕተሩ ጭራሽ እንዳልተሰካ ሆኖ ይጠፋል፤ ከጥቂት ሰከንዶች በኋላ ደግሞ ተመልሶ ይነሣል። ሌሊቱ በዚህ ዓይነት ነጋ። ቀነ ገደቡም አለፈ። ማመልከቻዋ በዚያ ዓመት አልደረሰም።

ይህን ዕቃ እንደ አንድ የታሪክ ሰነድ ማንበብ የጀመርሁት ከዚያ በኋላ ነው። ያነበብሁትም አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ሲያስነሣ አገኘሁት፤ ይኸውም የማሽኑ ጆሮ የት ይቀመጥ የሚለው ነው። ከማሽኑ ውጭ ነበረ፤ ወደ ውስጥ ገባ፤ ተመልሶ ወጣ። ገበያው ግን ይህን ጥያቄ ትቶ ስለ ጩኸት ኃይል ሲያወራ ኖረ፤ እኔም ተማሪዬን የመከርኋት በገበያው ቋንቋ ነበር።

ታሪኩን ከላፕቶፕ ዘመን መጀመር ስሕተት ይመስለኛል። በ1888 (ዛሬ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ጀርመናዊው ሄይንሪክ ኸርዝ በካርልስሩኸ በሚያስተምርበት ተቋም የፊዚክስ አዳራሽ፣ በአንደኛው ግድግዳ ላይ ሰፊ የዚንክ ቆርቆሮ ሰቀለ። ከቆርቆሮው ፊት ለፊት ርቆ የኤሌክትሪክ ብልጭታ የሚፈጥር መሣሪያ አቆመ። መቀበያው ክብ ሆኖ የታጠፈ ሽቦ ብቻ ነበር። በሽቦው ሁለት ጫፎች መካከል እጅግ የጠበበ ክፍተት አለ፤ ሞገድ ሲደርሰው በዚያ ክፍተት ትንሽ ብልጭታ ትታያለች። ኸርዝ ሽቦውን ይዞ ወደ ቆርቆሮው ሲቀርብና ከቆርቆሮው ሲርቅ ብልጭታዋ በአንዱ ቦታ ትደምቃለች፤ በሌላው ቦታ ፈጽማ ትጠፋለች። ከላኪው የሚመጣው ሞገድና ከቆርቆሮው የሚመለሰው ሞገድ በአንዱ ቦታ ይደጋገፋሉ፣ በሌላው ቦታ ይጠፋፋሉና ነው። የሞገዱን ርዝመት የለካውም በእነዚህ የዝምታ ቦታዎች መካከል ያለውን ርቀት ተመልክቶ ነበር።

እዚህ ላይ ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው ነገር አለ። በዚያ አዳራሽ የላኪው ኃይል አልተለወጠም። የተለወጠው ጆሮው የቆመበት ቦታ ብቻ ነው፤ በእርሱም ምክንያት ብልጭታዋ ከመድመቅ ወደ መጥፋት ትሄዳለች። ዋይፋይ የሚሠራበት 2.4 ጊጋኸርዝ የሞገድ ርዝመቱ 12 ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ነው። በኸርዝ ስሌት ከሄድን በደማቁና በዝምታው ቦታ መካከል ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ሊኖር ይችላል። ግድግዳችን የአርማታ ብረት ያለበት፣ ጣሪያችን በዚንክ የተለበጠ ቆርቆሮ፣ የማደሪያ አልጋችን ተደራራቢ ብረት መሆኑን ስታስቡ፣ እያንዳንዱ ክፍል የኸርዝ አዳራሽ መሆኑ ይገባችኋል። ተማሪ ላፕቶፑን በጉልበቱ ይዞ ከአልጋ ወደ በር፣ ከበር ወደ መስኮት ሲዞር የምናየው ሰውየው ሽቦውን ይዞ ያደረገውን ነው፤ ሆኖም ላፕቶፕን በየሦስት ሴንቲ ሜትሩ እያነሡ መሞከር አይመችም።

ኸርዝ በዚያው ዓመት መጨረሻ ሌላ ነገርም ሠራ። የዚንክ ቆርቆሮን እንደ ገንዳ ጎብጦ መስተዋት አበጀ፤ አንዱን ከላኪው ኋላ፣ ሌላውን ከተቀባዩ ኋላ አቆመ። ሞገዱ እንደ ብርሃን ተሰብስቦ በአንድ አቅጣጫ ተጓዘ። ይህንም አስታውሱልኝ፤ ማጥለያው የእርሱ ዘመድ ነው።

አሁን ሰማንያ ዓመት ያህል እዘላለሁ። በ1971 የሃዋይ ዩኒቨርሲቲ ባልደረባ ኖርማን ኤብራምሰንና ጓደኞቹ በደሴቶች ላይ ተበታትነው ያሉትን የትምህርት ጣቢያዎች ከአንድ ማዕከላዊ ኮምፒውተር ጋር ያለ ስልክ መስመር ማገናኘት ጀመሩ። አሎሃኔት ይባላል። የመረብ ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ስለዚህ ሥራ ሲያወሱ አብዛኛውን ጊዜ የሚያነሡት የስሌቱን ብልሃት ነው። እኔን የሳበኝ ሣጥኑ ነው። ተጠቃሚው የሚጽፍበት ተርሚናል ስለ ሬድዮ የሚያውቀው ነገር አልነበረም። ከተርሚናሉ በገመድ የተያያዘ ለብቻው የቆመ ሣጥን ነበረ፤ ሣጥኑ ፊደላቱን ሰብስቦ በጥቅል እያሰረ ወደ አንቴናው ይሰጣል፤ የሚመጣውን ደግሞ ይፈታል። ፍጥነቱ በሰከንድ 9600 ቢት ነበር። የዛሬው አዳፕተር ቅድመ አያት ይህ ሣጥን ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ሬድዮው ከማሽኑ የተለየ ዕቃ ነው፤ በመካከላቸውም ቁጥር የሚያስተላልፍ ገመድ አለ። ይህ አቀማመጥ በኋላ ተረስቶ እንደገና የተገኘ ነው።

ከአሎሃኔት የወረስነው ሌላው ነገር መልስ የመጠበቅ ልማድ ነው። ሣጥኑ አንድ ጥቅል ከላከ በኋላ «ደርሶኛል» የሚል ምላሽ ይጠብቃል፤ ምላሹ ካልመጣ፣ ምናልባት ከሌላ ሰው ጥቅል ጋር ተጋጭቷል ብሎ፣ የዘፈቀደ ጊዜ ቆይቶ ደግሞ ይልካል። ኤብራምሰን ባወጣው ስሌት፣ ሁሉም እንደፈቀደው በሚናገርበት በእንዲህ ያለ ሥርዓት መስመሩ በጎ ሥራ የሚሠራው ቢበዛ በ18 በመቶ ገደማ አቅሙ ነው። ዋይፋይ ከመናገሩ በፊት ያዳምጣልና ከዚህ የተሻለ ነው፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ጥቅል ምላሽ የሚጠብቅ መሆኑ አልተለወጠም። ስለዚህ የዋይፋይ ግንኙነት ስብከት አይደለም፣ ጭውውት ነው። ከሁለቱ አንዱ ካልሰማ ሌላው የቱንም ያህል ቢጮኽ ንግግሩ አይቀጥልም።

ሦስተኛው ምዕራፍ የሕግ ነው። በ1947 በአሜሪካ አትላንቲክ ሲቲ የተሰበሰበው ዓለም አቀፍ የቴሌኮሙኒኬሽን ጉባኤ ከሬድዮ ሞገዶች መካከል ጥቂቶቹን ለኢንዱስትሪ፣ ለሳይንስና ለሕክምና መሣሪያዎች ለይቶ ተወ። ከእነዚህ አንዱ በ2.4 ጊጋኸርዝ አካባቢ ያለው ነው። የምግብ ማሞቂያ ማይክሮዌቭ የሚሠራው በዚሁ ሞገድ ስለሆነ፣ መልእክት ለማስተላለፍ የሚፈልግ ሁሉ እንደ ቆሻሻ መጣያ ይሸሸው ነበር። የአሜሪካ ፌዴራል ኮሙኒኬሽንስ ኮሚሽን በ1985 ግንቦት ወር፣ በማይክል ማርከስ ግፊት፣ ይህን የተናቀ ሰፈር ያለ ፈቃድ ለመልእክት ማስተላለፊያ ከፈተው። ቅድመ ሁኔታው ሞገዱን በሰፊው መበተን፣ ከአንድ ዋት አለመብለጥ፣ ከሌሎች የሚመጣውን ረብሻም ችሎ መኖር ነበር። የሬድዮ ታሪክ ከዚያ በፊት የባለ ፈቃዶች ታሪክ ነው፤ መንግሥት፣ ጦር፣ የስርጭት ድርጅት። ከዚህ ውሳኔ በኋላ ግን ከሱቅ ዕቃ ገዝቶ የራሱን ጣቢያ የሚያቆም ተራ ሰው ሕጋዊ ሆነ።

በዚህ አጋጣሚ ስለ ተዋናይቷ ሄዲ ላማር የሚነገረውን ላንሣ፤ በየዓመቱ ተማሪዎቼ ይጠይቁኛልና። ላማር ከሙዚቃ ደራሲው ጆርጅ አንታይል ጋር በ1942 የፈጠራ መብት ያገኘችበት ድግግሞሽ የማዘላለል ዘዴ እውነተኛና ብልህ ሥራ ነው፤ የታሰበውም ለባሕር ኃይል ቶርፔዶ ነበር። በ1997 በወጣው የመጀመሪያ የዋይፋይ ደንብ ውስጥም ከተፈቀዱት ዘዴዎች አንዱ ማዘላለል ነበር። ነገር ግን ዓለምን ያዳረሰው የ1999ኙ ደንብ የሄደው በሌላ መንገድ ነው። «የዋይፋይ እናት» የሚለው ስም ከፍቅር የመጣ እንጂ ከሰነድ የመጣ አይደለም።

በተከፈተው ሰፈር ቀድመው ከሰፈሩት አንዱ የገንዘብ መመዝገቢያ ማሽን የሚሠራው ኤንሲአር ነበር። ኩባንያው በኔዘርላንድስ ባለው ክፍሉ በኩል ዌቭላን የተባለ ምርት አወጣ፤ ዓላማውም ትልልቅ መደብሮች የሽያጭ ጠረጴዛቸውን ባንቀሳቀሱ ቁጥር ገመድ እንደገና ከመዘርጋት እንዲያርፉ ነው። የዚሁ ኩባንያ ሰው ቪክ ሄይስ ከ1990 ጀምሮ ለአሥር ዓመት የደንቡን ኮሚቴ መራ። በ1997 የወጣው 802.11 በሰከንድ ሁለት ሜጋ ቢት ብቻ ይሸከም ነበር፤ በ1999 አሥራ አንድ ሜጋ ቢት ደረሰ፤ ዋይፋይ የሚለው የንግድ ስምም በዚያው ዓመት ወጣ። በዚህ ዘመን ላፕቶፑ ራሱ ጆሮ አልነበረውም። ሬድዮው በጎኑ የሚሰካ የመታወቂያ ወረቀት የሚያህል ካርድ ነበር፤ አንቴናው ከካርዱ ጫፍ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ወጥቶ ይታያል። ቦታው መጥፎ ነበር፤ ከጠረጴዛ ጋር ተጣብቆ፣ ከማሽኑ ብረት አጠገብ። ይሁንና አንዳንዶቹ ካርዶች የውጭ አንቴና የሚያያዝበት ትንሽ ቀዳዳ ነበራቸው፤ ባለሙያዎች እርሱን ፍለጋ ይገዟቸው ነበር።

ጆሮው ወደ ውስጥ የገባው በሁለት እርምጃ ነው። በ1999 ሐምሌ ወር ስቲቭ ጆብስ በኒው ዮርክ መድረክ ላይ አይቡክን ሲያስተዋውቅ አንቴናው ከፋብሪካ በገላው ውስጥ ተሠርቶ ነበር፤ ካርዱ ግን ተጨማሪ ተከፍሎ የሚገዛ ነው። ከዚያ በ2003 መጋቢት ኢንቴል ሴንትሪኖን አወጣ። ሬድዮው የላፕቶፕ መደበኛ አካል ሆነ፤ አንቴናዎቹም በማጠፊያው በኩል አልፈው በስክሪኑ ዙሪያ መቀመጥ የተለመደ ሆነ። እውነቱን ለመናገር ይህ መጥፎ ቦታ አይደለም። ስክሪን ሲከፈት ከፍ ይላል፤ ከሰውነትም ይርቃል። ጉዳቱ አንቴናው የማይታይ፣ የማይነቀል፣ ከማሽኑ ተለይቶ የማይንቀሳቀስ መሆኑ ነው። ከዚያ በኋላ የውጭ አዳፕተር የሚገዛው ከራውተር የራቀ፣ ካርዱ የተበላሸበት፣ ወይም ማሽኑ ያረጀበት ሰው ሆነ። በአጭሩ የዳር ሰው ዕቃ ሆነ። እኛም ብዙዎቻችን የዳር ሰዎች ነን፤ ማሽኖቻችን ረጅም ዕድሜ ይሠራሉ፤ ራውተሩም ከኮሪደሩ ጫፍ ነው።

ወደ ውጭ እንዲመለስ ያስቻለው ዩኤስቢ ነው፤ በተለይም በ2000 የወጣውና በሰከንድ እስከ 480 ሜጋ ቢት የሚሸከመው ሁለተኛው ደንብ። ከንግግሬ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ የምታስታውሱ ከሆነ የሚቀጥለውን አስታውሱልኝ። አንቴናን ከሬድዮ በገመድ ማራቅ ውድ ነው። የተለመደው ቀጭን ኮአክሲያል ገመድ በ2.4 ጊጋኸርዝ በየሜትሩ አንድ ዴሲቤል ያህል ያጠፋል፤ ሦስት ሜትር ሲሆን ሦስት ዴሲቤል፣ ይኸውም የኃይሉን እኩሌታ ማለት ነው። ዩኤስቢ ገመድ ግን የሚሸከመው ሞገድ ሳይሆን ቁጥር ነው። ሬድዮውንና አንቴናውን አንድ ላይ በገመዱ ጫፍ ካስቀመጣችሁ፣ እስከ አምስት ሜትር ድረስ ከምልክቱ አንዲት ጠብታ አትባክንም። ሣጥኑ በአንድ ቦታ፣ ተርሚናሉ በሌላ ቦታ፤ የሃዋይ አቀማመጥ ተመለሰ ማለት ነው። በማራዘሚያ ገመድ ጫፍ ያለን ትንሽ አዳፕተር በመስኮት ደፍ ላይ ማኖር፣ ከብረት አልጋው ማራቅ፣ በየሦስት ሴንቲ ሜትሩ እያንቀሳቀሱ እንደ ኸርዝ ብልጭታዋን መፈለግ ይቻላል። የሚከፈለው የገመድ ዋጋ ብቻ ነው።

ይህን ቀድመው ካስተዋሉት አንዱ በኒውዚላንድ ዌሊንግተን በማሲ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ስታን ስዋን ነው። በ2000ዎቹ የመጀመሪያ ዓመታት የዩኤስቢ አዳፕተርን የእስያ ምግብ ቤቶች ከዘይት ውስጥ ጥብስ ለማውጣት በሚጠቀሙበት የሽቦ ማጥለያ መካከል አሰረ፤ አዳፕተሩ ሞገዱ በሚሰበሰብበት ነጥብ ላይ ይቀመጣል፤ ገመዱ ወደ ላፕቶፑ ይሄዳል። ማጥለያው ቀዳዳ መሆኑ አያስጨንቅም፤ ቀዳዳው ከሞገዱ ርዝመት እጅግ ካነሰ ሞገዱ እንደ ሙሉ ብረት ያየዋል። በዚህ ጠረጴዛ ላይ ያለው የእርሱ ቅጂ ነው፤ ልዩነቱ የእኔው ፓስታ ማጥለያ መሆኑ ነው። የኸርዝ ጎባጣ ዚንክ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ በማድ ቤት ዕቃ ተመለሰ። ቅርጹ ትክክለኛ ፓራቦላ አይደለም፤ ለአንድ ክፍል ግን ይበቃል።

የአቅጣጫ ነገር እስከ የት እንደሚሄድ ያሳየው ደግሞ የቬኔዝዌላው ኤርማኖ ፒየትሮሴሞሊ ነው። በ2006 ከባልደረቦቹ ጋር 279 ኪሎ ሜትር፣ በ2007 ደግሞ 382 ኪሎ ሜትር ርቀት በዋይፋይ አገናኘ። ከተራራ እስከ ተራራ ያለው መንገድ ምንም ያልጋረደው ነበር፤ አንቴናዎቹ ትልልቅ ሳህኖች ነበሩ፤ ማሽኖቹ ምላሽ የሚጠብቁበት ጊዜም እንዲረዝም ተደርጎ ነበር፤ መብራት እንኳን ያን ርቀት ሄዶ ለመመለስ ጊዜ ይወስዳልና። የመጀመሪያውን ሙከራ ያካሄዱት ቤት ውስጥ በሚቀመጥ ራውተር ነበር። ከአዲስ አበባ እስከ ጅማ በቀጥታ መስመር ካለው የሚበልጥ ርቀት በቤት ራውተር ኃይል ተሻገሩ ማለት ነው።

ታዲያ የዋት ውድድር ከየት መጣ? መልሱ ካርቶን ላይ ለመጻፍ የሚመች ቁጥር ዋት ስለሆነ ነው ብዬ እገምታለሁ። የመቀበያ ንቃት ቁጥሩ ለገዢ አይማርክም። ከዳር ያለ ላፕቶፕ የሚደርሰው ምልክት ከሚሊ ዋት መቶ ሚሊዮንኛ እጅ ያህል ሊሆን ይችላል፤ በሚለካበት ቋንቋ ከዜሮ በታች 80 ዲቢኤም ማለት ነው። ይህን የሚሰማው ጆሮ ነው፤ ማጉያው በሚልክበት ጊዜ የሚያደርገው ጩኸት የሚመጣውን ድምፅ አንዳች አይጨምርለትም። ፍትሕ እንዳይጓደል አንድ ነገር ልጨምር። ላፕቶፕ ብዙ ጊዜ ከራውተሩ በታች ኃይል ስለሚልክ፣ በጥቂቱ ከፍ ያለ ኃይል ጭውውቱን ሊያስተካክል ይችላል። ከራውተሩ ጋር እኩል ከሆነ በኋላ ግን የሚጨመረው ሁሉ የጎረቤትን ጆሮ ከመረበሽ አያልፍም። በነፃ አየር እንኳ ርቀትን እጥፍ ለማድረግ አራት እጥፍ ኃይል ይጠይቃል፤ በግድግዳ መካከል ሲሆን ከዚያም ይብሳል። በአንጻሩ አቅጣጫ ያለው አንቴና የሚልከውንም የሚቀበለውንም እኩል ያሻሽላል፤ ሁለቱንም አቅጣጫ የሚጠቅም ነገር ይህ ብቻ ነው፣ ከቦታ ለውጥ ጋር።

አንቴናን በመለወጥ ላይ ሕጉም የራሱን አሻራ ትቷል። የአሜሪካው ኮሚሽን በ1989 ደንቡን ሲያሻሽል ያለ ፈቃድ የሚሠራ መሣሪያ አንቴናው ወይ የማይነቀል፣ አለዚያም ልዩ ማያያዣ ያለው እንዲሆን አዘዘ። አምራቾች የተለመደውን ማያያዣ ወንዱን በሴት፣ ሴቱን በወንድ ገልብጠው ሠሩ። ዛሬ ያ የተገለበጠ ማያያዣ በየሱቁ ይሸጣል፤ ልዩነቱ ትርጉም አጥቶ የቀረው ሳያይ በሚገዛ ሰው ላይ ብቻ ነው፤ አንቴና ገዝቶ ቤቱ ሲደርስ አልገጥም ይለዋል።

ስለ ተማሪዬ አዳፕተር አሁን መናገር እችላለሁ። አንድ መደበኛ የዩኤስቢ ሁለት ቀዳዳ የሚሰጠው 500 ሚሊ አምፔር ነው፤ በአምስት ቮልት ሁለት ዋት ተኩል ይሆናል። ትልቅ ማጉያ ያለው አዳፕተር ሲያዳምጥ ጥቂት ይበላል፤ በሙሉ ኃይሉ ሲልክ ግን ከዚህ ሊያልፍ ይችላል። ለዚህም ነው ከእንዲህ ዓይነቱ አዳፕተር ጋር ሁለት አፍ ያለው ገመድ የሚመጣው፤ ከሁለት ቀዳዳ እንዲመገብ። ሁለተኛውን አፍ ትርፍ መስሎን አልሰካነውም። የምልክት መስመሮቹ የሞሉት አንቴናው ከላፕቶፑ አንቴና ስለሚሻል ነበር፤ የሚያሳዩትም መስማቱን ብቻ ነው። ትልቅ ፋይል መላክ ሲጀምር ያረጀው ላፕቶፕ ኃይል አጠረውና አዳፕተሩ ወደቀ። ያ ሌሊት የተበላሸው በራሱ በዋቱ ነው። እኔ የመከርኋት ቁጥር ነበር ያጠፋት።

ከ2009 ወዲህ ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። በዚያ ዓመት የጸደቀው 802.11ኤን ብዙ አንቴናዎችን በአንድነት ያሠራል፤ ኸርዝ የዝምታ ቦታ ብሎ ያያቸውን የተመላለሱ ሞገዶች እንደ ተጨማሪ መንገድ ይጠቀምባቸዋል። ከዚህ የተነሣ ሁለት አንቴና ያለው ላፕቶፕ ላይ አንድ አንቴና ያላት፣ ጥፍር የምታህል አዳፕተር መሰካት ብዙ ጊዜ ማሻሻል ሳይሆን ማዋረድ ነው። ትንሿ አዳፕተር ከላፕቶፑ ብረት ጋር ተጣብቃ ትቀመጣለች፤ በዩኤስቢ ሦስት ቀዳዳ አጠገብ ከሆነች ደግሞ፣ ኢንቴል በ2012 ባወጣው ጽሑፍ እንዳሳየው፣ ከዚያ መስመር የሚወጣው ረብሻ በ2.4 ጊጋኸርዝ ላይ ይወርድባታል። አጭር ማራዘሚያ ይህንንም ይፈውሳል።

ደካማ ምልክት የሚመስለው ነገር ሁሉ ደካማ ምልክት እንዳልሆነም ልናገር። በ2.4 ጊጋኸርዝ እርስ በርስ የማይነካኩ መስመሮች ሦስት ብቻ ናቸው። በአንድ ሕንፃ መቶ ስልክና ሠላሳ ራውተር ሲኖር ችግሩ የኤብራምሰን ግጭት ነው፤ አንቴና አይፈታውም። እንዲህ ባለ ቦታ በ5 ጊጋኸርዝም የሚሠራ አዳፕተር፣ ግድግዳ የማለፍ አቅሙ ቢያንስም፣ ባዶ መንገድ ያገኛል።

የቺፑን ስም መጠየቅም አይናቅ። አንድ ዓይነት ስምና አንድ ዓይነት ካርቶን ያላቸው አዳፕተሮች በተለያየ ዙር ሲመረቱ በውስጣቸው የተለያየ ቺፕ ሊኖራቸው ይችላል፤ ድራይቨሩ ለአንዱ ይገኛል፣ ለሌላው አይገኝም። ሊኑክስ የምትጠቀሙ ይህን በመከራ ታውቁታላችሁ። ኳልኮም አቴሮስ በ2013 የአንድ የዩኤስቢ ቺፕ ቤተሰቡን ውስጣዊ ፕሮግራም በነፃ ፈቃድ ለቋል፤ ያ ቺፕ ፍጥነቱ ዛሬ ኋላ የቀረ ቢሆንም ያረጀ ማሽን ላላቸው ሰዎች አሁንም ያገለግላል።

ተማሪዬ በሚቀጥለው ዓመት እንደገና አመለከተች። ያን ጊዜ ይዣላት የሄድሁት ዋጋው የቀድሞው ሩብ የማይሞላ፣ ሁለት አንቴና ያለው አዳፕተርና ይህ የምታዩት የሦስት ሜትር ገመድ ነው። ገመዱን በመስኮቱ ብረት ላይ በጨርቅ አሰርነው፤ ሁለት ጊዜ ቦታ ለወጥንለት፤ በሦስተኛው ፋይሉ በአንድ ጊዜ ተጫነ። ማጥለያው አላስፈለገም። ገመዱን ስትመረቅ መለሰችልኝ።

ከዚህ በኋላ ጊዜው የእናንተ ነው። ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አንሡ፤ መሞከር የምትፈልጉ ደግሞ ወደ ጠረጴዛው ቅረቡ። የአዳራሹ ራውተር ከኋላው በር በላይ ነው፤ ከሦስተኛው ረድፍ በስተግራ አንድ የዝምታ ቦታ ጠዋት አግኝቻለሁ፤ ሌሎቹን እናንተ ፈልጉ።